ጉሪ፦ የአስፈሪ ጭፈራ ትምህርትና የዛር ቤት ታሪክ

አስፈሪ ጭፈራ ከድንጋጤ በድንገት የሚፈነዳ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ ተጠንቶ የሚቀርብ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ድምፃዊ ማይክል ጃክሰን ከውዝዋዜ ባለሙያው ከማይክል ፒተርስ ጋር ያቀነባበረው የ«ትሪለር» ፊልም ጭፈራ ለዚህ ምስክር ነው። ተዋንያኑ ከመቃብር የተነሡ ሙታንን መስለው የሚጨፍሩትን ይህን ውዝዋዜ ዛሬም በብዙ አገሮች ወጣቶች ለጭምብል ግብዣ ሲሉ እርምጃውን እየቆጠሩ ያጠኑታል። ጃክሰን ያን ጊዜ የይሖዋ ምሥክሮች እምነት ተከታይ ስለነበረ፣ ፊልሙ በመናፍስት ማመንን እንደማይደግፍ በመክፈቻው ላይ በጽሑፍ አስታውቋል። ጭፈራን ከእምነት ለይቶ መያዝ ይቻላልን? ጥያቄው ለእኛም የኪነ ጥበብ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

በአገራችን የዚህ ዓይነቱ ጭፈራ ሥር የሰደደ ምሳሌ የዛር ጉሪ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጂቡቲ የጥናት ጓድ አባል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር በተቀመጠበት ጊዜ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት መልካም አየሁ የተባሉትን ባለዛር ቤት በቅርብ ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም ውዳጃውን ከቴያትር አንጻር መረመረው። በእርሱ አስተያየት፣ በባለዛር ላይ የሚፈራረቁት መናፍስት ሰው እንደየጊዜው አውጥቶ እንደሚለብሳቸው አልባሳት ናቸው፤ ሥርዓቱም በሚተወን ቴያትርና በሚኖር ቴያትር መካከል ይገኛል።

ዛር አዲስ የያዘው ሰው፣ በባለዛሮች አነጋገር የዛሩ «ፈረስ»፣ መጀመሪያ የሚያሳየው መልክ የሌለው መንፈራገጥ ነው። በውዳጃው ግን ከበሮውና ጭብጨባው ምት ይሰጡታል፤ የዛሩ ስም ይጠየቃል፤ ፉከራው ይታወቃል፤ የሚወደው ልብስና ጌጥ ይቀርብለታል። ጉሪውም፣ ማለትም የራስና የደረት ውዝወዛው፣ ቀስ በቀስ ሥርዓት ይይዛል። ነባሮቹን እያየ፣ ከእነርሱ ጋር እየተወዛወዘ፣ ሕመምተኛው ጨፋሪ ይሆናል። በሌላ አነጋገር የዛር ቤት ፍርሃት ቅርጽ የሚያገኝበት ትምህርት ቤት ነበር።

ተማሪዎቹ እነማን እንደነበሩ መመልከትም ይገባል። በብዛት ሴቶች ነበሩ። በቤቷ ቃሏ የማይሰማ ሴት፣ የጀግና ዛር በሰፈረባት ሰዓት ፎክራ ታዝዝ ነበር። ጭፈራው ለተናጋሪነት የበቃችበት አደባባይ ነበር ማለት ነው። ይሁንና ገጽታው ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። ሥርዓቱ መሥዋዕትና ስጦታ ስለሚጠይቅ የድኻውን ኪስ ያራቁት ነበር፤ ሐኪም ማየት የሚገባውንም ሕመምተኛ ያዘገይ ነበር።

ይህ ውጥረት በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1929 ያረፉት ሲቲ ሞሚና በአርሲ ፋራቀሳ የመሠረቱት ማዕከል ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን ምእመናንን የሚስብ የመናፍስት ሥርዓትና የጉዞ ቦታ ሆነ። በሌላ በኩል፣ ለሻሸመኔ ቅርብ በሆነችው በኩየራ እ.ኤ.አ. በ1947 የአድቬንቲስት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የዚህ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከመናፍስት ጋር የተያያዘን ሥርዓት ሁሉ ያወግዛል፤ ጭፈራንም አይቀበልም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ የዛር ቤት «አጉል እምነት» ተብሎ ተነቀፈ። ሃይማኖተኛውና አብዮተኛው ዓላማቸው ቢለያይም፣ ዛሩን ሲያወግዙ ጉሪውንም አብረው አወገዙ።

የኪነ ጥበብ ሰው ግን ሁለቱን መለየት ይጠበቅበታል። እስክስታ ከሠርግና ከበዓል ሜዳ ወደ መድረክ ሲወጣ ትከሻው፣ አንገቱና ደረቱ በጥንቃቄ ተጠንተዋል። ጉሪም የራሱ ምት፣ አልባሳትና የገጸ ባሕርይ አለባበስ ያለው ቅርስ ነው። መምህሩ ታሪኩን ቢያስተምር፣ የውዝዋዜ ባለሙያው ከአረጋውያን አንደበትና እንቅስቃሴ ቢመዘግበው፣ ለዛር መገዛት አይሆንበትም። እምነቱን የሚተው ሕዝብ ጥበቡን አብሮ እንዲጥል የሚያስገድድ ሕግ የለም። የሚጨፍሩት አረጋውያን ሲያልፉ ግን ያልተመዘገበ እንቅስቃሴ አብሮ ይቀበራል።