ከወለቃ ሸክላ እስከ ዲጂታል ምስል

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች መንደር ናት። የቤተ እስራኤል ሴቶች ከእንስራውና ከጀበናው ጎን ለጎን የሰውና የእንስሳት ትናንሽ ቅርጾችን እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። የጥበባቸውን ውጤት ለመረዳት ዓይንና የቀን ብርሃን ይበቃሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ በተካሄዱት ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ባለሙያውና የሙያው አፈር በሁለት አገር ተለያዩ። ሁለቱን የሚያገናኘው እንግዲህ ፎቶግራፍ ነው።

ቅርስን በምስል ማቆየት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከ9000 የሚበልጡ መጻሕፍትን ለተመራማሪዎች አብቅቷል። ማይክሮፊልም የማንበቢያ መሣሪያው ቢበላሽ እንኳ በብርሃንና በአጉሊ መነጽር ይነበባል።

የዲጂታል ምስል ጠባይ ግን ሌላ ነው። ፋይሉ የቁጥሮች ስብስብ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ወደ ቀለምና ቅርጽ የሚመልስ ፕሮግራም ከሌለ ምስሉ በእጅ እያለ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው ጄፔግ በየመሣሪያው ተዳርሷል። ከዚያ በኋላ በ2010 ዌብፒ፣ በ2019 ኤቪፍ የተባሉት የፋይል ዓይነቶች ወጡ፤ በ2017 ደግሞ የአፕል ስልኮች ፎቶግራፍን ኤችኢአይሲ በተባለው ዓይነት ማስቀመጥ ጀመሩ። የሁሉም ዓላማ ምስልን በጥቂት ቦታ መያዝ ነው፤ ኤችኢአይሲ ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል በጄፔግ ግማሽ ያህል ቦታ ይይዛል። የኢንተርኔት ክፍያ ለሚከብደው ኅብረተሰብ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ኤችኢአይሲ የሚጠቀምበት የማመቂያ ዘዴ በብዙ ኩባንያዎች የባለቤትነት መብት የታጠረ በመሆኑ ፕሮግራም ሠሪዎች ሁሉ በነፃ አላካተቱትም። ዌብፒና ኤቪፍ ክፍያ ባይጠየቅባቸውም ቀደም ብለው የተሠሩ ፕሮግራሞች አያውቋቸውም።

በእስራኤል የሚኖር ቤተሰብ የአያቱን ጀበና በአዲስ ስልክ አንሥቶ ዋናውን ፋይል ለጎንደር መምህር ቢልክ፣ የመምህሩ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይከፍተው ይችላል። በመልእክት መለዋወጫ በኩል የተላከ እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ጄፔግ ተለውጦ፣ መጠኑም ተቀንሶ ይደርሳል። ፋይሉ ይከፈታል፤ ነገር ግን የጭቃው አለሳለስና የሠሪዋ የጣት ምልክት ይደበዝዛል። ተማሪ ሙያውን የሚማረው ደግሞ ከዚሁ ምልክት ነው።

ስለሆነም ዋናው ፋይል ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ከጎኑም እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለውና ቤተ መዛግብት በለመዱት ቲፍ፣ ወይም ጥራቱ ባልተቀነሰ ጄፔግ፣ ሁለተኛ ቅጂ ሊኖር ይገባል። የሠሪዋ ስም፣ ቦታውና ዘመኑም አብረው ይመዝገቡ። ይህ ተግባር ፋይሎቹ ጥቂት ሳሉ፣ ሸክላውን የሚያውቁት እናቶችም በሕይወት ሳሉ መጀመር ይኖርበታል።