አብነትና ጥሪ፦ በኤስቪጂ አንዴ ተሥሎ ደጋግሞ የሚወጣ ሥዕል

ኤስቪጂ ሥዕልን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚገልጽ የግራፊክስ ቅርጸት ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የድር መስፈርቶችን የሚያወጣው ድርጅት የደብሊው ሦስት ሲ መስፈርት ሆኖ ጸደቀ። በውስጡ ሲምቦል የሚባል አካል አለ። እዚያ የተሣለው ነገር በራሱ ገጹ ላይ አይታይም፤ ዩዝ የሚባለው ሌላ አካል በመለያው ሲጠራው ብቻ በተባለው ቦታና መጠን ይወጣል። ሲምቦልን «ምልክት» ማለት ቀላል ነበር፤ ግን ቃሉ ዓይን የሚያየውን እንጂ ምንጭነቱን አይናገርም። «አብነት» ብንለው ይሻላል፤ ሌላው የሚከተለው መነሻ ማለት ነውና። ዩዝን ደግሞ «ጥሪ» እንበለው።

ዩዝ የሚያወጣውን «ቅጂ» ብንለውስ የሚል ይኖራል፤ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው። ችግሩ ቅጂ ከተወሰደ በኋላ ከምንጩ ጋር የማይገናኝ መሆኑ ነው። የአንድ ዞን 40 ጤና ጣቢያዎች የሚታዩበትን ካርታ እናስብ። የጤና ጣቢያው ምልክት 40 ጊዜ ከተቀዳ፣ አንድ መስመር ለማቅጠን 40 ቦታ መሄድ ግድ ነው። በአብነት ከተሠራ ግን ምንጩን ማረም ይበቃል፤ ጥሪዎቹ ሁሉ አብረው ይለወጣሉ፣ ፋይሉም ይቀንሳል። ጥሪው የራሱ የሆነ ነገር ፈጽሞ የለውም ማለት ግን አይደለም። አብነቱ ውስጥ ቀለም ካልተወሰነ ከጥሪው ይወርሳል፤ ከተወሰነ የአብነቱ ይጸናል። ጥሪው ላይ ቀይ ተብሎ ሳለ ምልክቱ ጥቁር ሆኖ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የአብነት ወሰን ጎልቶ የሚታየው ጽሑፍ ላይ ነው። አብነት ውስጥ የተጻፈ ስም በየጥሪው ያው ስም ሆኖ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ጥሪ የተለየ ስም ማቀበያ መንገድ የለም። ስለዚህ ቅርጹ በአብነት፣ የየጤና ጣቢያው ስም ደግሞ ከጥሪው ጎን ቴክስት በሚባለው አካል መቀመጥ አለበት። ረጅም ስም በአሳሾች ላይ በራሱ አይታጠፍም፤ ሠሪው ቲስፓን በሚባለው አካል ይከፍለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ዲዛይነሮች የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፦ የግዕዝ ፎንት የሌለው መሣሪያ ፊደሉን ባዶ ሣጥን ስለሚያደርገው፣ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መቀየር ያዋጣል ይላሉ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ብዙ ያስከፍላል። ቅርጽ የሆነ ስም በፍለጋ አይገኝም፣ አይቀዳም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራምም ያልፈዋል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብዙ የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ኮዶች ላይ የተቀመጡ ስለነበሩ፣ ያ ፎንት የሌለው ሰው የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ካለው በኋላ በገዛ እጃችን መልሰን ማጥፋታችን ያሳዝናል። ከዚያ ይልቅ ካርታው የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ የያዘ ፎንት ፋይሉ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ኤስቪጂው እንደ ምስል ገጽ ላይ ሲገባ ከውጭ ፎንት ማምጣት ስለማይችል መክተቱ የግድ ነው። ለድርጅት አርማ ብቻ፣ የፊደሉ ቅርጽ ራሱ መለያ ስለሆነ፣ ወደ ቅርጽ መቀየሩን አልቃወምም፤ ያኔም ታይትል በሚባለው አካል ስሙ በጽሑፍ ይግባ።