የታምቡ ዝምታ፣ የንያሻ እምቢታ፦ የአፍላነት ድፍረትና የጉልምስና ዕዳ በጺጺ ዳንጋሬምብጋ ሦስት ልቦለዶች

በሐራሬ ከተማ፣ በአንድ የሚኒባስ መሳፈሪያ ላይ፣ አጭር ቀሚስ የለበሰች ወጣት ሴት በሰው ተከባ ትዋረዳለች። ይሰድቧታል፣ ይጎነትሏታል፣ ልብሷን ከላይዋ ይገፏታል። ከከበቧት ሰዎች መካከል በአንድ ሆስቴል አብራት የምትኖር፣ በዕድሜ የምትበልጣት ሴት ቆማለች። ወጣቷ ይህችን ሴት ለይታ ታያታለች። ሴትየዋ በእጇ ድንጋይ ይዛለች። ትዕይንቱ ዚምባብዌያዊቷ ደራሲ ጺጺ ዳንጋሬምብጋ በ2018 ባሳተሙት «ዚስ ሞርነብል ቦዲ» በተሰኘው ልቦለድ ውስጥ ይገኛል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድንጋይ የያዘችው ሴት ታምቡድዛይ ሲጋውኬ ናት። አንባቢ መጀመሪያ የተዋወቃት ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በ1988 በታተመው «ነርቨስ ኮንዲሽንስ» ውስጥ፣ የትምህርት ቤት ክፍያዋን በገዛ ጉልበቷ ለማግኘት በቆሎ የዘራች ሕፃን ሆና ነው።

ያቺ ሕፃን እንዴት ይህችን ሴት ሆነች? በመካከል በ2006 የወጣው «ዘ ቡክ ኦቭ ኖት» አለና ሦስቱን መጻሕፍት አንድ ላይ የሚያነብ ሰው መልሱን ደረጃ በደረጃ መከተል ይችላል። በእኔ ንባብ ታምቡ በልጅነቷ ሁለት ጊዜ በእውነት ደፍራለች። ሁለተኛው ድፍረት ካስከተለባት ቅጣት በኋላ ግን ሕመምን በዝምታ መቀበል ራሱ መብት እንደሚያስገኝ አመነች። የጎልማሳ ሕይወቷን ከውስጥ የበላው ይህ እምነት ነው። አብራት ያደገችው የአጎቷ ልጅ ንያሻ ግን ደጋግማ ደፍራ፣ ደጋግማ ተመትታ፣ ገና በአፍላነቷ ብትሰበርም፣ ስታድግ ሌላ ሴት ላይ እጇን አላነሣችም።

ልጅ አድጎ ሰው የሚሆንበትን ታሪክ የሚተርከው ልቦለድ፣ በጀርመንኛ ስሙ ቢልዱንግስሮማን፣ እንደ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚጠቀስለት የጎተ «ቪልሄልም ማይስተር» (1795–96) ነው። በዚህ ወግ ባለታሪኩ ከቤቱ ይወጣል፣ ይሳሳታል፣ ይወድቃል፣ በመጨረሻ ከማኅበረሰቡ ጋር ታርቆ ቦታውን ይይዛል። ፍራንኮ ሞሬቲ በ1987 ባወጡት ጥናት በአውሮፓ ልቦለድ ወጣትነት የዘመናዊነት ምልክት የሆነው ዕረፍት የለሽ በመሆኑ ነው ይላሉ፤ ጉልምስና ሲመጣ ለዚያ ዕረፍት የለሽነት ወሰን ያበጅለታል። ጄድ ኤስቲ ደግሞ በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ የቅኝ ግዛትን ዓለም በሚመለከቱ ልቦለዶች ውስጥ ይህ ወሰን እንደሚጠፋና ዕድገት ተቀጭቶ እንደሚቀር አሳይተዋል። የኤስቲ ሐሳብ ለታምቡ ታሪክ ቢቀርብም አይበቃትም። ታምቡ አልተቀጨችም። ተምራለች፣ ከገጠር ወጥታ ከተማ ገብታለች፣ ሥራ ይዛለች። ማደጓ የሚያጠራጥር አይደለም፤ የሚያስጨንቀው ያደገችበት አቅጣጫ ነው።

ስለ አፍላ ወጣቶች ድፍረት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን ነው። ማርጎ ጋርድነርና ላውረንስ ስታይንበርግ በ2005 ያሳተሙት ሙከራ በዚህ ዘርፍ በሰፊው ይጠቀሳል። መኪና የመንዳት ጨዋታ የሚጫወቱ አፍላ ወጣቶች እኩዮቻቸው ሲመለከቷቸው ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ ይልቅ አብዝተው አደጋ ይደፍራሉ፤ በጎልማሶች ላይ ግን የእኩዮች መኖር ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ግኝቱን አልነቅፍም። ሆኖም በ1960ዎቹ ሮዴዥያ (በዛሬዋ ዚምባብዌ) በአንድ የሚሲዮን ግቢ ለምትኖር ጥቁር ልጅ የሚያስፈራው ተመልካች እኩያዋ አይደለም። ተመልካቹ ባባሙኩሩ ነው፤ ለታምቡ አጎት፣ ለንያሻ አባት፣ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ክፍያ ከፋይ። በእሱ ግቢ ውስጥ ከዳንስ ትንሽ ዘግይቶ መመለስ፣ ሰሃን ላይ ምግብ ማስተረፍ፣ በአዋቂ ፊት ሐሳብን ጨርሶ መናገር፣ እነዚህ ሁሉ አደጋ ናቸው። ልቦለዱን ስናነብ መጠየቅ ያለብን ልጅቷ ምን አደረገች ብለን ብቻ ሳይሆን፣ ያደረገችውን አደጋ ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነም ጭምር ነው።

የታምቡ የመጀመሪያ ድፍረት የበቆሎው እርሻ ነው። ቤተሰቡ የሁለት ልጆች ክፍያ መቻል ሲያቅተው ወንድሟ ንሃሞ ትምህርቱን እንዲቀጥል፣ እሷ ቤት እንድትቀር ይወሰናል። ታምቡ ዘር ለምና፣ አያቷ ትታው በሄደችው መሬት ላይ ቆፍራ ዘራች። ሰብሉ ሲደርስ እሸቱ እየተሰረቀ መሆኑን አወቀች፤ ሌባው ንሃሞ ነበር። በሰንበት ትምህርት ሜዳ ላይ ተናንቃው መምህሩ አቶ ማቲምባ ገላገሏቸው፤ እኚሁ መምህር ኡምታሊ ከተማ ወስደው እሸቷን እንድትሸጥ ረዷት። በዚያ አንዲት ነጭ አሮጊት ሕፃን ልጅ ታሠራለህ ብላ መምህሩን ገሥጻ ስታበቃ፣ እሳቸው የነገሯትን ሰምታ ለልጅቷ ትምህርት 10 ፓውንድ ሰጠች። አባቷ ጄሬማያ ገንዘቡ የእኔ ነው ብሎ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዷል።

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ የልጅቷ ቆራጥነት ማስረጃ ተደርጎ ይነበባል፤ ቆራጥነቷን የሚክድ የለም። ነገር ግን ገንዘቡ የመጣበትን መንገድ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ታምቡ ለወራት የደከመችበት በቆሎ ተሽጦ ክፍያዋን አልሸፈነም። የሸፈነላት የአንዲት ነጭ ሴት ርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄው የተገኘውም ልጅቷ በማትረዳው እንግሊዝኛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዝም ባለችበት ሰዓት ነው። ሕፃኗ ሁለት ትምህርት በአንድ ቀን ቀሰመች። ድፍረት ፍሬ ያፈራል የሚለው አንዱ ነው። ሌላው፣ በኃያላን ፊት አንገት ደፍቶ መቆም ከድፍረቱ ይልቅ አትራፊ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ትዘነጋዋለች፤ ሁለተኛው ግን እስከ ጉልምስናዋ ድረስ አብሯት ይኖራል።

በ1968 ንሃሞ በሚሲዮኑ ሳለ ታሞ ሞተ፤ ቦታው ለታምቡ ተለቀቀ። ወንድ ልጅ በሌለበት የተገኘ ዕድል ነውና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ውለታ ተቆጥሮባታል። በባባሙኩሩ ቤት ያገኘቻት ንያሻ የልጅነቷን ብዙ ዓመታት እንግሊዝ አገር አሳልፋ የተመለሰች፣ አጭር ቀሚስ የምትለብስ፣ ሲጋራ የምትሞክር፣ አባቷ የማይፈቅዳቸውን መጻሕፍት የምታነብ ልጅ ናት። ታምቡ መጀመሪያ ታፍርባታለች፤ በተለይ በቀሚሷ። ከትምህርት ቤቱ ዳንስ በኋላ ንያሻ ከአንድ ልጅ ጋር ቆማ ስትዘገይ ባባሙኩሩ በጥፊ ይመታታል፣ ከሴተኛ አዳሪ ይቆጥራታል። እሷም መልሳ በቡጢ ትመታዋለች። በዚያ ማኅበረሰብ ልጅ አባቷን መምታቷ ሊታሰብ የማይችል ነገር ነው፤ ደራሲዋ ግን ትዕይንቱን ያለ ይቅርታ ጽፈውታል። ታምቡ በዚያ ምሽት የተገነዘበችው ከድህነትም ከትምህርትም በላይ የሆነ ነገር ነው፦ የተማረችውም፣ ፈረንጅ አገር ያየችውም፣ የርዕሰ መምህር ልጅ የሆነችውም ሴት በመሆኗ ብቻ ጥፋተኛ ልትደረግ ትችላለች።

የእኔ ንባብ የሚያርፈው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ሠርግ ላይ ነው። ባባሙኩሩ በቤተሰቡ ላይ የሚወርደው መከራ ሁሉ የታምቡ ወላጆች በቤተ ክርስቲያን ባለመጋባታቸው የመጣ ነው ብሎ፣ ልጆች ወልደው ያሳደጉ ባልና ሚስት ነጭ ለብሰው እንዲጋቡ ያዛል። ለታምቡ ይህ መወለዷን ራሱን መሳለቂያ የሚያደርግ ነገር ነው። በሠርጉ ጠዋት ከአልጋዋ መነሣት አቃታት፤ አካሏ አልታዘዝ አለ፣ አእምሮዋ ከሰውነቷ ተለይቶ ከዳር የሚመለከት መሰላት። ባባሙኩሩ ትምህርቷን እንደሚያቋርጥባት ቢዝትም አልሄድም አለች። በሦስቱም መጻሕፍት ውስጥ ሳይለመንላት፣ አማላጅ ሳይቆምላት የተናገረችው ትልቁ እምቢታ ይህ ነው።

ቅጣቱ ግርፋት ሆነ፤ በላዩ የቤት ሠራተኛዋ ፈቃድ ተሰጥቷት ለሁለት ሳምንት የእሷን ሥራ እንድትሠራ ተፈረደባት። ንያሻ አባቷን ተሟገተች፤ የታምቡ አክስት ሉሲያ መጥታ ባባሙኩሩን ፊት ለፊት ወቀሰችው። ታምቡ ራሷ ግን ቅጣቱን በምሬት ውስጥ በተደበቀ ደስታ ተቀበለችው፤ ለአዲሱ ማንነቷ የተከፈለ ዋጋ አድርጋ ቆጠረችው። ብዙ ተቺዎች ይህን የነጻነት ጅማሬ አድርገው ማየታቸው ይገባኛል። እኔ ግን አደገኛውን መታጠፊያ የማየው እዚሁ ላይ ነው። እምቢታዋ ትክክል ነበርና ቅጣት አልተገባትም። እሷ ግን ቅጣቱን ሕጋዊ ክፍያ አድርጋ በመቀበሏ የባባሙኩሩን ሚዛን ሳታውቀው የራሷ አደረገችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ታምቡ የምትፈልገውን ነገር ሁሉ በመታገሥ ልትገዛው ትሞክራለች። ንያሻ ይህን ሒሳብ ፈጽሞ አልተቀበለችም፤ ያለጥፋቷ የሚወርድባትን በትር አንድም ቀን ይገባኛል አላለችም።

ንያሻ ለዚህ የከፈለችው ከባድ ነው። አባቷ እያስገደደ የሚያበላትን ምግብ ታስታውካለች፣ ትከሳለች፤ በመጨረሻም አንድ ሌሊት የታሪክ መጽሐፏን በጥርሷ ትቦጫጭቃለች፣ መስታወት ትሰባብራለች። የወሰዷት ነጭ የአእምሮ ሐኪም አፍሪካውያን በዚህ መልክ አይታመሙም ብሎ ይመልሳታል። ታምቡ ይህን እያየች መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የሴክሬድ ሃርት አዳሪ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ንያሻ አስቀድማ አስጠንቅቃት ነበር፤ ጥቂት ጥቁር ልጆችን መርጦ መውሰድ የተቀሩትን ለማስረሳት ነው ብላ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ማስጠንቀቂያው እንዴት እንደ ደረሰ ያሳያል። የነጻነት ጦርነቱ ተፋፍሟል፤ የታምቡ እኅት ኔትሳይ ከታጋዮቹ ጋር ሆና በፈንጂ እግሯን አጥታለች። ታምቡ በዚያው ወራት በትምህርት ቤቷ ለሮዴዥያ ወታደሮች ልብስ ትሠራለች፤ በፈተና አንደኛ ወጥታ ሽልማቱ ለነጭ ተማሪ ሲሰጥ ዝም ትላለች። በኋላ በማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥራ የጻፈችው ሥራ በነጭ ባልደረባዋ ስም ሲወጣ አትከራከርም፤ ላገባ ነው የሚል ሰበብ ፈጥራ ትለቃለች። የሠርጉ ጠዋት ልጅ በዚህች ሴት ውስጥ ፈጽማ የለችም።

ለዚህ ነው ሦስተኛው መጽሐፍ ታምቡን «እኔ» ብላ እንድትናገር የማይፈቅድላት። የመጀመሪያው ልቦለድ ተራኪ ወደኋላ እያየች በልበ ሙሉነት የምትተርክ ጎልማሳ ነበረች፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ዝርዝር ውስጥ በገባው በዚህ መጽሐፍ ግን ታሪኩ ሁሉ «አንቺ» እየተባለ ይነገራል። በአልጋዋ ላይ ሆና ከሰውነቷ ተለይታ ራሷን ከዳር ለተመለከተችው ልጅ አሁን ከራሷ ጋር የመኖር ዘዴዋ ይህ ሆኗል። በመሳፈሪያው ላይ የተከበበችው ገርትሩድ የለበሰችው አጭር ቀሚስ ንያሻ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ የለበሰችውን ያስታውሳል፤ ታምቡ ያኔ ያፈረችበትን ቀሚስ አሁን በድንጋይ ልትቀጣው ተዘጋጅታለች። ብዙም ሳይቆይ መምህር ሆና ተማሪዋን ኤልዛቤትን ክፉኛ ደብድባ የመስማት ጉዳት ታደርስባታለች። የወጣት ሴት ድፍረት በትር ይገባዋል የሚለውን ፍርድ ታምቡ የተቀበለችው በራሷ ገላ ላይ ነው፤ ሌላዋ ላይ ስትፈርድም ያንኑ ሚዛን ታነሣለች። እናቷ ከገጠር የላከችላት የበቆሎ ዱቄት እንኳ ያሳፍራታል፤ ከበቆሎ ማሳ ተነሥታ የመጣች ሴት መሆኗን ለማንም ማሳየት አትፈልግም።

ንያሻስ? ውጭ ተምራ፣ ጀርመናዊ አግብታ፣ ሁለት ልጆች ይዛ ሐራሬ ተመልሳለች። ቤቷ ያረጀ፣ ኪሷ ባዶ ነው፤ ታምቡ ድህነቷን አይታ ታዝንባታለች፣ ትንቃታለችም። ንያሻ ግን ለወጣት ሴቶች ዐውደ ጥናት ታዘጋጃለች፣ በኋላ ታማ ከገባችበት የአእምሮ ሆስፒታል የወጣችውን ታምቡንም ቤቷ ታስጠጋለች። ደራሲዋ ድል አድርገው አላቀረቧትም፤ የአፍላነት ድፍረት ሀብትም ክብርም እንደሚያመጣ የሚያሳይ ገጽ በመጽሐፉ የለም። ያቆየላት ነገር ግን አለ። የደረሰባትን ግፍ ሁልጊዜ ግፍ ብላ ስለ ጠራችው፣ በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ታውቀዋለች።

ይህ ንባቤ የሚፈተነው በኔትሳይ ነው። ከሁሉም የከፋውን አደጋ የደፈረችው እሷ ናት፤ ሦስቱም መጻሕፍት ግን አንዲት ገጽ እንኳ በእሷ አንደበት አልተተረኩም። የዕድገት ልቦለድ ተራኪውን የሚመርጠው ከትምህርት ቤት እንጂ ከጦር ሜዳ አይደለም፤ ዳንጋሬምብጋም ይህን የዘውጉን ገደብ አልሰበሩትም። ሆኖም ታምቡ የገጠር እናቶቿን ለቱሪስት ትርዒት ያቀረበችበት ሥራ በውርደት ካበቃ በኋላ እንጀራ የምታገኘው ሉሲያ ዘንድ ነው፤ በዚያች ሠርግ ሰሞን ባባሙኩሩን ፊት ለፊት በወቀሰችው፣ በኋላም በነጻነት ትግሉ ተዋግታ የጥበቃ ድርጅት ባቋቋመችው አክስቷ።