ሄንደል በሩ በተዘጋ ጊዜ ያገኘው ዜማ

ሰው በወጣትነቱ የተከበረበት ሥራ በጕልማሳነቱ ጊዜ ገበያ ሲያጣ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ አንደኛው ያለፈውን ዘመን እያመሰገነ ማዘን ነው፤ ሁለተኛው ዕውቀቱን ይዞ ሌላ ደጅ መፈለግ ነው። የሙዚቃ ደራሲው የጌኦርግ ፍሬድሪክ ሄንደል ታሪክ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሄንደል በ1685 ዓ.ም. ሃሌ በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠጕር አስተካካይና የቍስል ሐኪም ነበረ፤ ልጁም ሕግ እንዲማር እንጂ ሙዚቀኛ እንዲሆን አልወደደም። ልጁ ግን ልቡ ወደ ዜማ አዘነበለ። በ1706 ወደ ኢጣልያ ወርዶ፥ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሚሆነውን ኦፔራ የሚባለውን ቴአትር ከባለሞያዎቹ ዘንድ አጠና። በ1711 በሎንዶን ያሳየው ሪናልዶ የተባለው ኦፔራ እጅግ ስለ ተወደደለት፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኑሮውን በዚያው አደረገ።

ዳሩ ግን ኦፔራ በሎንዶን የባዕድ ተክል ነበረ። ቋንቋው ኢጣልያንኛ ስለ ሆነ ከተመልካቹ ብዙው አይሰማውም፤ ዋኖቹ ዘፋኞች ከኢጣልያ በብዙ ገንዘብ የሚመጡ ናቸው፤ የልብሱና የመድረኩ ጌጥም ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ መኳንንቱ በማኅበር ያቋቋሙት የኦፔራ ድርጅት በ1728 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የለማኞች ኦፔራ የሚባል፥ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ሕዝቡ የሚያውቀው ዜማ ያለበት የፌዝ ጨዋታ ወጣና ከተማው ሁሉ ወደዚያ ጐረፈ። በ1733 ደግሞ ሌሎች መኳንንት ተፎካካሪ ድርጅት አቁመው ከሄንደል ዘፋኞች ብዙዎቹን ወሰዱበት። ሁለት የኦፔራ ድርጅት ለአንድ ከተማ በዝቶ ሁለቱም ተጐዱ። በ1737 የሄንደል ቀኝ እጅ በድንገት ሽባ ሆነ፤ አእምሮውም ታወከ። አኸን ወደምትባለው ከተማ ሄዶ በፍል ውሃ ታጥቦ ዳነ። ጤናው ቢመለስም የኦፔራው ገበያ ግን አልተመለሰም። በጥር 1741 ያወጣው ዴይዳሚያ የሚባለው ሦስት ጊዜ ብቻ ታይቶ ቀረ፤ ከዚያም ወዲህ አዲስ ኦፔራ አልጻፈም።

አዲሱ ዜማ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ተዘርቶ ነበር፤ የዘሩ መነሻም ክልከላ ነው። በ1732 ሄንደል የአስቴርን ታሪክ በእንግሊዝኛ በመድረክ ሊያሳይ ባሰበ ጊዜ፥ የሎንዶን ጳጳስ ኤድመንድ ጊብሰን የንጉሡ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በቴአትር ቤት እንዲጫወቱ አልፈቀደም። ስለዚህ ያለ ልብስ ለውጥና ያለ ጨዋታ፥ ዘማሪዎቹ ቆመው ብቻ እንዲያዜሙት ሆነ። ኦራቶርዮ የተባለው የዜማ ዓይነት በእንግሊዝ አገር በዚህ አኳኋን ተጀመረ። ጌጡ ሲቀር ወጪው ቀለለ፤ ቋንቋው ሲለወጥ ቃሉ ተሰማ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመዘምራኑ ቦታ ነው። በኦፔራ ክብሩ ሁሉ የአንድ ዘፋኝ ነበረ፤ በኦራቶርዮ ግን መዘምራኑ እንደ አንድ ሕዝብ ሆነው ያለቅሳሉ፥ ይፈራሉ፥ ያመሰግናሉ። በ1739 የወጣው እስራኤል በግብፅ የሚባለው ድርሰት ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል የመዘምራን ዜማ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ግን ጆሮ ስላልለመደው አልተወደደም።

በ1741 ክረምት ቻርልስ ጀነንስ የሚባል ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ብቻ ያዘጋጀለትን ጽሑፍ ይዞ፥ ሄንደል ከነሐሴ 22 እስከ መስከረም 14 ባሉት 24 ቀኖች ውስጥ መሲሕ የሚባለውን ድርሰት ፈጸመ። ስለዚህ ሥራ ብዙ ተረት ተነግሯል፤ ደራሲው በረኃብ ላይ እንደ ነበረና ዜማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሰማይ እንደ ወረደለት የሚያወሩ አሉ። እውነቱ ግን ከቤተ መንግሥት በዓመት 600 ፓውንድ ጡረታ ነበረው፤ ፈጥኖ መጻፍም የዘወትር ልማዱ ነበረ። በመሲሕ ውስጥ ስለ ሕፃኑ መወለድ የሚዘመረው የመዘምራን ዜማ እንኳ በዚያው በሐምሌ ወር ለኢጣልያንኛ የፍቅር ግጥም ካወጣው የሁለት ሰው ዜማ የተወሰደ ነው። እንግዲህ አሮጌውን ዕውቀት አልጣለም፤ ለሌላ ቃል አዋለው እንጂ።

ድርሰቱ በመጀመሪያ የተሰማው በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፥ ሚያዝያ 13 ቀን 1742 ነው። የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ የነበረው ዝነኛው ጸሐፊ ጆናታን ስዊፍት መዘምራኑን አስቀድሞ ከልክሎ ነበር፤ በኋላ ግን ዘመሩ። አዳራሹ እንዲበቃ ሴቶች ቀሚስ የሚነፋውን ቀለበት ትተው፥ ወንዶችም ያለ ሰይፍ እንዲመጡ ተለመኑ፤ 700 የሚያህልም ሰው ገባ። ከተገኘው 400 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለሁለት ሐኪም ቤት ተሰጠ፤ በዕዳ የታሰሩ 142 ሰዎችም ተፈቱበት።

በ1743 ወደ ሎንዶን በመጣ ጊዜ ግን ብርቱ ክርክር ተነሣ። የጌታን ነገር የዓለም ተጫዋቾች በቴአትር ቤት ሊያዜሙት ይገባልን? ብለው ብዙዎች ተቃወሙ። ሄንደልም በማስታወቂያው ላይ መሲሕ የሚለውን ስም ትቶ፥ አዲስ ቅዱስ ኦራቶርዮ ብሎ ብቻ አወጣው። ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት ከንቱ አልነበረም፤ ቅዱስ ቃል የገበያ ዕቃ እንዳይሆን መስጋት ተገቢ ነውና። መልሱ የተገኘው ግን በክርክር አይደለም። ከ1750 ጀምሮ ሄንደል የተጣሉ ሕፃናት በሚያድጉበት ቤት የጸሎት አዳራሽ ውስጥ ድርሰቱን በየዓመቱ ለሕፃናቱ ርዳታ አሰማ፤ በኑዛዜውም የዜማውን ግልባጭ ለዚያው ቤት ተወ። ከዚያ ወዲህ የነቀፋው ድምፅ እየደከመ ሄደ።

ከ1751 ጀምሮ ዓይኑ እየጠፋ ሄዶ ዕውር ሆነ፤ ቢሆንም ኦርጋን መምታቱን አልተወም። ሚያዝያ 14 ቀን 1759 ዐረፈ፤ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። በድካሙ ዘመን ያደገው ዜማ እስከ ዛሬ በየአገሩ ይዘመራል። ጳጳሱ ባይከለክለው ኖሮ፥ ገበያውም ባይዘጋበት ኖሮ፥ ለአንድ ዘፋኝ ጭብጨባ ሲጽፍ በኖረ ነበር። ስለዚህ ክልከላና ኪሳራ በደረሰበት ጊዜ፥ የተዘጋው የትኛው በር እንደ ሆነና በእጁ የቀረው ዕውቀት ምን እንደ ሆነ ለይቶ የሚመረምር ሰው አስተዋይ ነው።