ሕፃንን ማን ሊገድል ይችላል? (ፊልም)

«ሕፃንን ማን ሊገድል ይችላል?» (በእስፓንኛ፦ «ኪየን ፕዌዴ ማታር ኣ ኡን ኒኞ?») እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ የበቃ የስፔን አስፈሪ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ናርሲሶ ኢባኜስ ሴራዶር ሲሆን ዋናዎቹ ተዋንያን አውስትራሊያዊው ሉዊስ ፊያንደር እና እንግሊዛዊቷ ፕሩኔላ ራንሰም ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸመው አዋቂ ሰው በጠፋባት፣ ልጆች ብቻ በቀሩባት ራቅ ያለች የደሴት መንደር ነው። ርዕሱ የፊልሙ ዋና ጥያቄ ነው፦ ጠላቱ ልጅ የሆነበት ሰው ራሱን እንዴት ይከላከላል?

ታሪኩ

ቶም የተባለ እንግሊዛዊ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ከኢቭሊን ጋር ለዕረፍት ወደ ስፔን ይመጣል። ቤናቪስ የምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ በበዓል ላይ ስለሆነች ርችቱና የሕዝቡ ግርግር ዕረፍት ይነሳቸዋል። ቶም ከዓመታት በፊት የሚያውቃትን አልማንዞራ የተባለች ጸጥተኛ ደሴት አስታውሶ ጀልባ ይከራይና ከሚስቱ ጋር ይሻገራል። ቤናቪስም ሆነች የፊልሙ አልማንዞራ በእውን የሌሉ ቦታዎች ናቸው።

በወደቡ ላይ የሚያገኟቸው ልጆች ብቻ ናቸው። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ቡና ቤቱ ባዶ ነው፣ ለመጥበስ የተሰካው ዶሮ የሚያነሳው አጥቶ ከስሏል። ኢቭሊን ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ አንዲት ልጅ ቀርባ ሆዷን ትዳብሳለች። ቆየት ብሎ ቶም አንዲት ልጅ አንድን ሽማግሌ በገዛ ምርኩዛቸው ደብድባ ስትገድል ያያል። ልጆቹ የሽማግሌውን ሬሳ ሰቅለው በማጭድ እየመቱ ይጫወቱበታል።

ተደብቆ የተረፈ አንድ የመንደሩ ነዋሪ የሆነውን ይነግራቸዋል። ልጆቹ በሌሊት ወጥተው እየሳቁ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ አዋቂዎቹን ፈጅተዋል፤ በልጅ ላይ እጁን ለማንሳት የደፈረ ግን አልነበረም። ጥቂት ሳይቆይ የዚሁ ሰው ልጅ እያለቀሰች መጥታ እጁን ትይዘዋለች። አባት የሚያውቀውን ሁሉ እያወቀ አብሯት ይሄዳል፤ እሱም ይገደላል።

ባልና ሚስቱ ሸሽተው ወደ ደሴቷ ሌላ ዳርቻ ሲደርሱ ገና ያልተለወጡ ልጆች ያገኛሉ። ከመንደሩ የመጡት ልጆች ግን ዓይን ለዓይን በመተያየት ብቻ እነዚህንም ወደ ራሳቸው ይስቧቸዋል። ቶምና ኢቭሊን ተመልሰው በፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ይሸሸጋሉ። አንድ ትንሽ ልጅ በመስኮት ሽጉጥ ሲደግንባቸው ቶም ተኩሶ ይገድለዋል። ኢቭሊን ደግሞ በማኅፀኗ ባለው ፅንስ ተገድላ ትሞታለች። በነጋታው ቶም በልጆቹ መካከል እየተኮሰ ወደ ጀልባው ይደርሳል። በዚያ ሲታገላቸው የደረሰው የጥበቃ ጀልባ ግን ልጆችን የሚያጠቃ ሰው ያየ መስሎት ይገድለዋል። ልጆቹም መሣሪያውን ወስደው ጠባቂዎቹን ይገድላሉ፤ ከዚያ ጨዋታውን ለሌሎች ልጆች ለማስተማር ወደ ዋናው ምድር ለመሻገር ይነሳሉ።

አሠራሩ

ኢባኜስ ሴራዶር እ.ኤ.አ. በ1935 በሞንቴቪዴዮ፣ ኡራጓይ ተወለደ። በስፔን በሰፊው የታወቀው በቴሌቪዥን ሥራው ሲሆን፣ «ላለመተኛት የሚሆኑ ታሪኮች» የተሰኘው አስፈሪ ተከታታይ ዝግጅትና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የተባለው የጥያቄ ውድድር የእሱ ናቸው። ለሲኒማ ቤት የሠራቸው ረጅም ፊልሞች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ1969ኙ «ላ ረሲደንሲያ» ነው። የሁለተኛውን ድርሰት የጻፈው ሉዊስ ፔኛፊየል በሚል የብዕር ስም ሲሆን፣ መነሻው የሁዋን ሆሴ ፕላንስ «የልጆቹ ጨዋታ» የተባለው ልብ ወለድ ነው።

ታሪኩ የደሴት ይሁን እንጂ በመንደሩ ውስጥ ከሚታዩት ትዕይንቶች ብዙዎቹ የተቀረጹት ከባሕር ርቃ በቶሌዶ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በሲሩዌሎስ ነው። የባሕር ዳርቻው ትዕይንቶች ከተቀረጹባቸው ቦታዎች አንዷ ሜኖርካ ደሴት ናት። ካሜራውን የመራው ሆሴ ሉዊስ አልካይኔ ኋላ ከፔድሮ አልሞዶቫር ጋር በመሥራት ታውቋል። ሙዚቃውን የደረሰው አርጀንቲናዊው ዋልዶ ደ ሎስ ሪዮስ ነው።

አስፈሪነቱ ከየት ይመጣል

አስፈሪ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ በጨለማ፣ በጭጋግና በአሮጌ ቤት ይጠቀማሉ። በዚህ ፊልም ግን አብዛኛው ነገር የሚሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ በኖራ በተቀቡ ነጭ ግድግዳዎች መካከል ነው። ተመልካቹ ሁሉን አጥርቶ ያያል፤ የሚያየውን ግን ማመን ያቅተዋል። ልጆቹም አካላቸው አልተለወጠም፤ ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ።

ፊልሙ ለልጆቹ ለውጥ ምክንያት አይሰጥም። በዚህም በአልፍሬድ ሂችኮክ «ወፎቹ» (እ.ኤ.አ. 1963) ከተሰኘው ፊልም ጋር ይመሳሰላል፤ በዚያም ወፎቹ ሰውን የሚያጠቁበት ምክንያት አይገለጽም።

የመግቢያው ክርክር

ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ለደቂቃዎች የሚቆዩ እውነተኛ የዶክመንተሪ ምስሎች ይታያሉ። ከአውሽቪትስ፣ ከኮሪያ፣ ከቬትናምና ከቢያፍራ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በአዋቂዎች ጦርነትና ረሃብ ያለቁ ልጆችን ያሳያሉ። ኋላም በቤናቪስ የሚገኝ ባለሱቅ በሁሉም ጦርነት ይበልጥ የሚጎዱት ልጆች መሆናቸውን ይናገራል። በዚህ ንባብ መሠረት የአልማንዞራ ልጆች የሚያደርጉት ብቀላ ነው።

ይህ አከፋፈት አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ዳይሬክተሩ ራሱ ምስሎቹን በመጀመሪያ በማስቀመጡ መጸጸቱንና መጨረሻ ላይ ቢሆኑ ይሻል እንደነበር ተናግሯል። በመጀመሪያ ሲመጡ ተመልካቹ የልጆቹን ምክንያት ይዞ ወደ ታሪኩ ይገባል፤ በመጨረሻ ቢመጡ ግን አስቀድሞ ከቶም ጎን የቆመው ተመልካች ፍርዱን መለስ ብሎ ለመመርመር ይገደድ ነበር።

ከዚያ በኋላ

ፊልሙ በተለያዩ አገሮች በተለያየ ርዕስ ታይቷል፤ በእንግሊዝኛ ከተሰጡት ስሞች አንዱ «የተረገሙት ደሴት» የሚል ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሜክሲኮ «ኑ፣ ውጡና ተጫወቱ» የሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ርዕስ እንደገና ተሠርቷል። ኢባኜስ ሴራዶር እ.ኤ.አ. በ2019 የስፔን ፊልም አካዳሚ የሚሰጠውን የጎያ የክብር ሽልማት ተቀብሎ በዚያው ዓመት በማድሪድ ሞተ።