ስሙ በደረሰኝ ያልሰፈረ አያት

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታትና በመኳንንት ዜና መዋዕል ብቻ ተጽፎ አያልቅም። ዱሩን የመነጠረው፣ መሬቱን ያረሰው፣ ግብሩን የተሸከመው ሰው ማን እንደነበረ ያልተነገረበት ታሪክ ጎደሎ ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ሰው ስም ፍለጋ የሚነሣ ሁሉ ከመጀመሪያው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ቀደምት መዛግብት የተጻፉት መሬት ለመቁጠር፣ ግብር ለማስገባትና ክርክር ለመቁረጥ ነበር። ስለዚህም በመዝገብ ውስጥ ስሙ ጎልቶ የሚገኘው ያረሰው ሳይሆን የተመዘገበለት ነው።

ከነቀምቴ በስተሰሜን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ምድር በምትገኘው በኪራሙ አንድ የገበሬ ቤተሰብ የቅድመ አያቱን ማንነት ልወቅ ቢል፣ የመጀመሪያው መዝገብ የሽማግሌ አፍ ነው። የኦሮሞ ሕዝብ የአባትን፣ የአያትንና የቅድመ አያትን ስም እስከ ጎሳው ምንጭ ድረስ በቃል መቁጠርን ለልጆቹ ሲያስተምር ኖሯል። ይህ ቆጠራ ግን የራሱ ሕግ አለው። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ የአሳዳጊውን ሐረግ ይቆጥራል፤ በሞጋሳ ሥርዓት ወደ ጎሳ የገባ ወገንም የተቀበለውን ጎሳ አባቶች የራሱ አድርጎ ይጠራል። ሐረጉ የሚመሰክረው ስለ ደም ብቻ ሳይሆን አብሮ ስለመኖርና ስለ ቃል ኪዳን ጭምር ነው። ሴቶች ደግሞ፣ ቤቱን ያቆሙት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ከአባት ወደ አባት በሚሄደው ቆጠራ ውስጥ ቦታ አያገኙም። ስለዚህ የአያትን እናት ስምና የመጣችበትን ጎሳ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምንጭ የነቀምቴ ጽሑፍ ነው። የእምባቦ ጦርነት በተካሄደበት በ1874 ዓ.ም. ዘመን የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ በራስ ጎበና ዳጬ አማካይነት ለምኒልክ በሰላም ገበሩ። ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳም ወርቅና የዝሆን ጥርስ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚህ ግንኙነት ብዙ የአማርኛ ደብዳቤ ተወለደ። የታሪክ ሊቃውንቱ አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታኣ የወለጋን የታሪክ ሰነዶች ሰብስበው በማሳተማቸው፣ ያ ጽሑፍ ዛሬ ለተመራማሪ ቀርቧል።

እዚህም ላይ የስም ወጥመድ አለ። ኩምሳ ሞረዳ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ናቸው፤ ይህን ያላወቀ አንባቢ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል። ጎበና አባ ጥጉ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉ ሁሉ፣ ጦረኛ በፈረሱ ስም ሊጠራ ይችላል። ነቀምቴ ራሷ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ «ለቀምት» ተብላ ትገኛለች። ጸሐፊው የኦሮምኛን ስም በጆሮው እንደሰማው በፊደል ያስቀምጥ ስለነበር፣ ፈላጊውም በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮው ማንበብ አለበት።

የመሬት መዝገብ ከዚህ ይበልጥ የተጨባጭነት መልክ አለው፤ ይበልጥም ያታልላል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በአንድ ጋሻ፣ ማለትም በ40 ሄክታር ያህል፣ 15፣ 10 እና 5 ብር ተመነበት። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ወለጋን በመሳሰሉ ጠቅላይ ግዛቶች በዐሥራት ምትክ 35፣ 30 እና 10 ብር ተጨመረ። ደረሰኙ የሚቆረጠው በባለ መሬቱ ስም ነበር። ብዙ ባለ መሬቶች ግን ዐሥራቱን በጭሰኛው ላይ ጣሉት። ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን አስረክቦ፣ በላዩ ዐሥራቱን ከፍሎ፣ በወረቀቱ ላይ ግን አልነበረም። የኪራሙው ልጅ በደረሰኝ ላይ የአያቱን ስም ቢያጣ፣ አያቱ በዚያ ምድር አልነበረም ማለት አይደለም። የከፈለው በሌላ ሰው ስም ሊሆን ይችላል።

ይህ የወለጋ ብቻ ዕጣ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1618 ጀምሮ የአንድን ሰው የባሕር ጉዞ ወጪ የከፈለ ባለ ገንዘብ በዚያ ሰው ራስ 50 ኤከር፣ ግማሽ ጋሻ ያህል መሬት ይሰጠው ነበር። በውል ታስሮ የተጓዘው ድኃ አገልጋይ ስሙ የተረፈው ብዙ ጊዜ በራሱ ርስት ላይ ሳይሆን፣ ጌታው መሬት ለመጠየቅ ባቀረበው ዝርዝር ላይ ነው። የዛሬ አሜሪካውያን ቅድመ አያቶቻቸውን የሚያገኙት በሌላ ሰው ጥቅም ጥግ ተጽፈው ነው። ቀሪዎቹን የሚያገኙአቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ነው።

የእኛም ድኃ ድምፁ የሚሰማው በሙግት ነው። የወሰን ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ለግብር መዝገብ እንግዳ የነበረው አራሽ ለምስክርነት ይጠራል። ስሙን ከነአባቱ ስም ይናገራል፤ በስፍራው ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ወሰኑ በየትኛው ዛፍና በየትኛው ወንዝ እንደሚያልፍ ያስረዳል። አንድ የምስክር ቃል ከብዙ ደረሰኝ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ምስክሩ ለማን ተጠርቶ እንደቆመ፣ የማንን መሬት ያርስ እንደነበረ አብሮ መመርመር ይገባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ የመዝገቡ አቅጣጫ ተለወጠ። ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራትና ፍርድ ሸንጎዎቻቸው ተቋቋሙ። ትናንት በባለ መሬቱ ስም ጥላ ሥር የነበረው ጭሰኛ በራሱ ስም ተመዘገበ። ወደ ኋላ የሚጓዝ ፈላጊም ከዚህ ቢነሣ፣ ከታወቀው ወደማይታወቀው በእርግጠኛ እርምጃ ይሄዳል።

ፍለጋው ግን ኃላፊነት አለበት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በኪራሙና በአካባቢዋ በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በድንገት ከቤቱ የሚወጣ ሰው ልጁን እንጂ ደረሰኙን አያስቀድምም። ወረቀት ስለሌለው ታሪክ የለውም የሚል ሰው፣ የቀድሞው መዝገብ በጭሰኛው ላይ የፈጸመውን በደል ይደግማል። ማን ቀድሞ ሰፈረ ለሚል ጠብ ማገዶ እንዲሆን የሚጻፍ የዘር ሐረግም ጉዲፈቻንና ሞጋሳን የረሳ ሐረግ ነው።

ስለዚህ መምህራን፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችና የባህል ሠራተኞች ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን፣ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምረው ይመዝግቡ፤ ቃሉን ከደብዳቤው፣ ደብዳቤውን ከግብር መዝገቡ፣ የግብር መዝገቡን ከፍርድ ቤቱ ፋይል ጋር ያመሳክሩ። አራቱ በተስማሙበት ስፍራ እርግጠኛ ታሪክ አለ። ባልተስማሙበት ስፍራ ደግሞ፣ ማን በማን ስም ሲከፍል እንደኖረ የሚጠይቅ ሰው አያቱን ሊያገኘው ይችላል።