የማይቈጠረውን መቍጠር

እረኛ በጎቹን በበረቱ በር እያሳለፈ ይቈጥራል። የዱር እንስሳት ግን በረት ስለሌላቸው ሊቃውንት ሌላ ዘዴ ፈለጉ። አስቀድመው በየትኛው ስፍራና በየትኛው ጊዜ የሚኖረው ወገን እንደሚቈጠር ይወስናሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. የዴንማርኩ ሊቅ ፒተርሰን በዓሦች ላይ ምልክት አድርጎ የመልቀቅን ጥናት አሳተመ። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ሊንከን ቀለበት ከታሰረላቸው ዳክዬዎች አዳኞች የገደሏቸውን ቈጥሮ የሰሜን አሜሪካን ዳክዬዎች ብዛት ገመተ።

ስሌቱ ይህ ነው፤ በአንድ ሐይቅ 100 ዓሦች ምልክት ተደርጎባቸው ቢለቀቁ፣ ኋላም ከተያዙት 50 ዓሦች 10ሩ ምልክት ቢኖራቸው፣ ጠቅላላው 500 ያህል ነው። ምልክቱ ከወለቀ ግን ግምቱ ከእውነቱ ይበልጣል። የበዛ ግምትም አጥማጁን አደፋፍሮ ዓሣውን ያስፈጃል። ስለዚህ ቈጣሪ ከቍጥሩ ጋር የስሕተቱን መጠን መግለጽ ይገባዋል።